ፋይል ቁጥር 114 እና መንገድ የዘጋው ቤት

በዓለም ላይ በርና ማህተም ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንዲት ዶኛ ኦርፌሊና አለችው። የለችኝም የሚል ካለ ወይ ትናንት የተከፈተ ነው፣ ወይ ይዋሻል። እናንተም ሰፈር አለች። በሩ ሳይከፈት ደርሳ ደረጃው ላይ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ዘበኛው ከሩቅ ሲያያት «መጣችላችሁ!» እያለ ወደ ውስጥ የሚሮጠው፣ ወረፋ ስትይዝ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሻይ የሚያምረው በእሷ ምክንያት ነው። ማመልከቻ የምትጽፈዋ ሴት!

የእኛዋ ግን፣ ልኩራባቸውና፣ የሁሉም አለቃ ናቸው። ክብርት ዶኛ ኦርፌሊና ማንሲያ፦ የፑንታ ኮልዌ መንደር ድንች ገበሬ፣ የአሥራ አንድ ዝይዎች እመቤት፣ በደቡብ ቺሌ የካርቦን ወረቀት የመጨረሻዋ ወዳጅ። እኔ ኒባልዶ ደግሞ በትሬንካይ ደሴት የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ መስኮት ላይ የተቀመጥኩት ሰው ነኝ። ሥራዬ ቀላል ነው። ወረቀት እቀበላለሁ፣ ቀን ያለበት ማህተም እመታበታለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማንም ወደማያገኘው ክፍል እልከዋለሁ። ከዋናው ምድር ተሻግሬ እዚህ ወንበር ላይ በተቀመጥኩባቸው አሥራ አራት ዓመታት ከእኚህ ሴት ብቻ ሦስት መቶ ስድስት ማመልከቻ ተቀብያለሁ።

ቁመታቸው ከመስኮቴ ጠርዝ እምብዛም አይበልጥም። መጀመሪያ የሚታየው የሱፍ ቆባቸው ነው። ቀጥሎ ቦርሳቸው ይመጣል። ቦርሳው ውስጥ ፌስታል አለ፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ በገመድ የታሰረ ማህደር። ሁሉም እስኪፈታ ድረስ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ጢም ያበቅላል። ዋናውን ያስቀምጣሉ፣ ግልባጩን ጎኑ ያስቀምጣሉ፣ መነጽራቸውን በመሐረብ ይወለውላሉ።

«እዚህ ላይ ይመታልኝ። ግልባጩ ላይም ይመታልኝ።»

«እመታለሁ፣ ዶኛ።»

«መጀመሪያ ቀኑን አሳየኝ።»

ማህተሙን ገልብጬ የቀኗን መዘውር አሳያለሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር መዘውሯን ማዞር ረስቼ የትናንቱን ቀን መትቼባቸው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅርታውን በጽሑፍ እንዳደርገው አዘዙኝ። ጻፍኩ፤ ግልባጩም ላይ መታሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መዘውሯን ሳላዞር ሥራ ጀምሬ አላውቅም። እሑድ ቤቴ ተቀምጬ እንኳ ጣቴን ይበላኛል።

ቀለም አለቀ ብሎ መሸወድም አይሞከርም። አንድ ባልደረባዬ ሞክሮ ነበር። «እሜቴ፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ነገ ይመለሱ» አላቸው፣ አዝኖ። ዶኛ ኦርፌሊና ከሁለተኛው ፌስታል የራሳቸውን የማህተም ቀለም ከነቆርቆሮው አውጥተው ፊቱ አኖሩለት። «ነገ ድንች አወጣለሁ» አሉት። «አይመቸኝም።»

ስለ ሁሉ ነገር ይጽፋሉ። ስለ ድልድዩ የበሰበሰ ሳንቃ ጽፈዋል፤ ሳንቃው ተቀየረ። የጸሎት ቤቱ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ስለ መቅረቱ ጽፈዋል። ይህ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ አይደለም ብለን መለስንላቸው፤ ታዲያ የማን ጉዳይ እንደሆነ እንድናሳውቃቸው ጻፉ። አይሆንም የሚለው ቃል ቅር አይላቸውም። ቅር የሚላቸው ያለ ምክንያት ሲመጣ ነው። «አይቻልም ካላችሁ፣ ለምን እንደማይቻል ጻፉና ፈርሙበት» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ይህን ሲሉ አለቃዬ ዶን ባልዶሜሮ ኦያርሶ ከውስጥ ክፍል እንደ ታመመ በግ ሲያቃስቱ ይሰማኛል።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣባቸው ለማወቅ የደሴቱን ደንብ ማወቅ ያሻል። እኛ ጋ ሰው ቤቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ሲፈልግ አያፈርሰውም። ከነግድግዳው፣ ከነጣሪያው በሁለት ግንድ ላይ ያስቀምጠውና በደቦ፣ በበሬ ያስጎትተዋል። ደቦ የሚጠራው ሰው ግን በስልክ ወይም በወረቀት አይጠራም። በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ «ክንድህን ልለምን መጥቻለሁ» ይላል። የተለመነው «ክንዴ ያንተ ነው» ይላል፤ አለዚያም ምክንያቱን እዚያው ደጃፉ ላይ ፊት ለፊት ይናገራል። ወገቤን አሞኛል ቢል ይበቃዋል። ዝም ብሎ በር መዝጋት ግን የለም። እንዲህ ያደረገ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል። ዶኛ ኦርፌሊና ይህንኑ ደንብ በመንግሥት ላይ አውጀዋል። አንድ ቀን ለአለቃዬ እንዲህ ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦

«ዶን ባልዶሜሮ፣ አባትህን አውቃቸዋለሁ። ሲለመኑ ወይ እሺ ይሉ ነበር፣ ወይ ምክንያታቸውን ይናገሩ ነበር። መንግሥት ከአባትህ ያነሰ ነው እንዴ?»

እኔን ግን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ክንዴን የለመነኝ አንድ ሰው አልነበረም። ባለ መስኮቱ ነኝ፤ ወረቀት እንጂ ገመድ የሚያሲዘኝ የለም። እዚህ ላይ ትንሽ እንደሚከፋኝ አልደብቅም።

አሁን ወደ ፋይል ቁጥር 114 ልምጣ።

ከፑንታ ኮልዌ በላይ ባለው ኮረብታ አንድ የዓሣ እርባታ ኩባንያ የሞቱ ዓሦቹን የሚቀብርበት ትልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። በዓመቱ ከታች ያለው የመንደሩ የውኃ ጉድጓድ ጠረኑ ተለወጠ። አሥራ ሰባት ቤተሰብ ይጠጣበታል። ግማሹ «የዝናቡ ነው» አለ፣ ግማሹ «የዕድሜዬ ነው፣ አፍንጫዬ ነው» አለ። ዶኛ ኦርፌሊና ግን መጠጣታቸውን አቁመው ከሩቅ ወንዝ በጋሪ ውኃ ማመላለስ ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው ሳቁባቸው። መሥሪያ ቤታችን ውኃውን አንድ ጊዜ አስመርምሮ እንደነበረ ሰሙና ምናልባት የዕድሜ ልካቸውን አጭሯን ማመልከቻ ይዘው መጡ፦ «የጉድጓዳችን የውኃ ምርመራ ውጤት ይሰጠኝ።»

እህ! ያኔ ሕግ የሚባለው ነገር ስንት በር እንዳለው አየን።

የመጀመሪያው መልስ «የንግድ ምስጢር ነው» አለ። ዶኛ ኦርፌሊና በማግስቱ መጡ። «የእኔ ጉድጓድ ውኃ ከመቼ ወዲህ ነው የእነሱ ንግድ የሆነው?» ብለው ጠየቁ፤ በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ። ሁለተኛው መልስ «ጉዳዩ ገና ውሳኔ ያላገኘ ስለሆነ ሰነዱ ለሕዝብ አይወጣም» አለ። ውሳኔው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁ። እሱም ገና አልተወሰነም ነበር። ሦስተኛው መልስ ሰነዱን ፈልጎ ማውጣት የሠራተኛውን መደበኛ ሥራ እንደሚያስተጓጉል አስረዳ። እሳቸው ድንቻቸውን ትተው መጥተው ራሳቸው እንደሚፈልጉት፣ ምሳቸውንም ይዘው እንደሚመጡ ጻፉ።

አራተኛው መልስ የአገር ደኅንነትን ጠራ። ከሰነዱ ጋር የተያያዘ የባሕር ዳርቻ ካርታ ነበረና። የዚያን ቀን ዶኛ ኦርፌሊና ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አጣጥፈው ማህደራቸው ውስጥ ከተቱት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለ መስኮቱ፣ እንግዲህ ዝይዎቼን ደብቄ ላኑራቸው። ጠላት ካወቃቸው አገር ይፈርሳል።»

አምስተኛው ከሁሉም ባሰ። ዘጠኝ ገጽ ሰጠናቸው። ደስታቸው አንድ ደቂቃ አልቆየም፣ ምክንያቱም ገጹ ሁሉ በጥቁር ቀለም ተለቅልቆ ነበር። ያመለጡት «ውኃ» የሚለው ቃልና የገጽ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ ገልብጠው አዩት። በሚቀጥለው ሳምንት የምስጋና ደብዳቤ አመጡ። «ስለ ሰጣችሁኝ ጥቁር ቀለም አመሰግናለሁ። ለመጋረጃ ይሆነኛል። አሁን ደግሞ ሥሩ ያለውን ስጡኝ» ይላል። ግልባጩም ላይ ተመታ።

ለበላይ አካልም ይግባኝ አሉ። የመጨረሻው ቀን ላይ አንዲት ላም ልትወልድ አስቸግራቸው ነበርና በእግራቸው እየሮጡ ሲደርሱ ሰዓቱ ስምንት ከአራት ደቂቃ ሆነ። መስኮቱ የሚዘጋው በስምንት ነው። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው «የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ምታበት» አሉኝ። መታሁ። ይግባኙ በአንድ ቀን ዘገየ ተብሎ ወደቀ። ዶኛ ኦርፌሊና ላብ በላብ እንደሆኑ ቆመው፣ ሳይቆጡ፣ «ይህ ደንብ የት ተጽፏል?» አሉ። አልተጻፈም ነበር። በማግስቱ ደንቡ ተጽፎ እንዲለጠፍ የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገቡ። አለቃዬ አንድ ጊዜ ልገላገላቸው ብለው ይመስለኛል፣ ጻፉት፣ ፈረሙበት፣ ከመስኮቴ በላይ በአራት ሚስማር መቱት፦ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የሚቀርብ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ከማንም ይምጣ፣ በሚቀጥለው የሥራ ቀን እንደገባ ይቆጠራል። ባልዶሜሮ ኦያርሶ።» ዶኛ ኦርፌሊና ቆመው ሦስት ጊዜ አነበቡት። «ጥሩ ተጽፏል» አሉና ወደ ላማቸው ተመለሱ።

እኔ የዚያን ቀን ራት አልበላሁም። ማህተሟን የመታሁት እኔ ነኝ።

ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይላሉ፤ ዶኛ ኦርፌሊና ግን ውኃውን ሌላ ዓመት ሙሉ ወቀጡት። አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ እምቢታ፣ አዲስ ይግባኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ደረጃችን ላይ ተቀምጠው። ከዋና ከተማው ውሳኔ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ስለ ኩባንያው ሆኖ እምቢ ማለት አይችልም፤ ኩባንያውን ይጠይቅ፤ ኩባንያው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ፣ ፈርሞ ካልተቃወመ እንደተስማማ ተቆጥሮ ሰነዱ ይሰጥ ይላል። የደሴቱ የልመና ደንብ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ መጣ ማለት ነው።

አለቃዬ እንደ ልማዳቸው ውሳኔውን ሳምንታት አሳደሩትና አንድ ማክሰኞ ለኩባንያው አሳወቁ። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ዋለ።

ዓርብ ደግሞ የዶኛ ኦርፌሊና ቤት የሚዛወርበት ቀን ነበር። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ሆን ብለው ነው ይላል። ሐሜት ነው! መንገድ ለመዝጋት ፈቃድ የጠየቁት ከሦስት ወር በፊት ነው፣ የፈቀዱት አለቃዬ ናቸው፣ ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ጠረኑን አልቻሉትም፤ ባላቸው የሠሩትን ቤት፣ የተከሏቸውን የፖም ዛፎች ትተው ቤቱን ወደ ሌላው ኮረብታ ሊያስጎትቱት ነው። ያን ሰሞን ለልመና በከተማው ሲዞሩ መሥሪያ ቤታችንም ገብተው ነበር። ዘበኛውን «ክንድህን ልለምን መጥቻለሁ» አሉት። ጽዳት ሠራተኛዋን ለመኑ። አለቃዬን እንኳ ለመኑ፤ አለቃዬ ምክንያታቸውን በአክብሮት ተናግረው ወንድማቸውን ከነበሬዎቹ ላኩ። እኔ ጋ ሲደርሱ የመንገዱን ፈቃድ ግልባጭ አወጡና «እዚህም ላይ ይመታልኝ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩኝም።

በዚያ ዓርብ የሆነውን የነገረኝ የአለቃዬ ወንድም ሮሳሜል ነው፤ የመሪዎቹ በሬዎች ባለቤት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? እኛ ጋ ቤትም ይሄዳል። አሥራ ስድስት ጥንድ በሬ፣ ከመቶ በላይ ሰው፣ መጋረጃው ያልወረደ ቤት፣ አልወርድም ያለች ድመት በመስኮቱ። ከጀልባ ወደብ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። ልክ ጠባቡ ድልድይ አፍ ላይ ሲደርሱ ከኋላ የኩባንያው ጠበቃ በአዲስ መኪና መጣ። ተቃውሞውን በኢሜይል እንዳይልክ ኢንተርኔታችን ከነፋሱ ጋር ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ሰዓቱ ሰባት ብቻ ነበር፤ ለእግረኛ እንኳ ይበቃል።

ሮሳሜል ወደ መኪናው ሄዶ ቆቡን አወለቀ። «ጌታው፣ ይውረዱና ገመድ ይያዙ። ድልድዩን ካለፍን መንገዱ ይሰፋል፤ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ቀጠሮ አለብኝ! ይህን ቤት ከመንገድ ላይ አንሡት!»

«እያነሣነው እኮ ነው» አለ ሮሳሜል።

ጠበቃው መስኮቱን ዘጋና የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። አንዴ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እጁን አኖረበት። እዚህ ደሴት ላይ የሦስት ዓመት ሕፃን እንኳ ቤት በሚጎትት በሬ ላይ እንደማይጮህ ያውቃል። በሬ በሹክሹክታ ነው የሚነዳው። መሪው ጥቁር በሬ ዞር ብሎ መኪናውን አየ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ ድልድዩ መሃል ላይ ተኛ። ጥንዱም ተኛ። የተኛ በሬ የሚነሣው ሲፈልግ ነው።

ሕዝቡ ግንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ቺቻ የሚሉት የፖም ጠጅ ተቀዳ። ዶኛ ኦርፌሊና ሚልካዎ የተባለውን የድንች ቂጣ ትኩሱን በሳህን ይዘው ወደ መኪናው ሄዱ። በደቦ ቀን መንገድ ላይ የተገኘ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ጠላትም ቢሆን።

«ብላ ልጄ፣ ይበርድብሃል። በሬው እስኪነሣ ሌላ ሥራ የለህም።»

ጠበቃው ማን እንደሆኑ አላወቀም። ሳህኑን ሳይነካ ጫማውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ሦስት ኪሎ ሜትሩን አሰበ፣ ተቀመጠ። በሬው የተነሣው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።

መስኮቴ ጋ ሲደርስ ሰዓቱ ከስምንት ሠላሳ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። በሩን በትከሻው ነው የገፋው። ስድስት ገጽ ተቃውሞ ዘረጋልኝ፤ እያንዳንዱ ገጽ የተፈረመ፣ ያማረ። «የዛሬ ቀን ምታበት!»

ማህተሙን አነሣሁ። ከጥዋት ጀምሮ ዓርብ ላይ ነበረች። አለቃዬ ከክፍላቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆሙና በጆሮዬ «ምታለት ኒባልዶ፤ አንድ ማህተም ናት፣ ማን ያያል?» አሉኝ።

ማንም አያይም ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ዶኛ ኦርፌሊና ኮረብታው ላይ ናቸው፣ ዘበኛው ደቦ ሄዷል፣ ወረፋው ባዶ ነው። ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ቀኑን አሳየኝ» ያለችኝ ድምፅ ጣቴ ውስጥ ገብታለች። ጣቴ መዘውሯን አዞረች። ቅዳሜን አለፈች፣ እሑድን አለፈች፣ ሰኞ ላይ ቆመች። መታሁ። ግልባጩ ላይም መታሁለት።

«ሰኞ?» አለ ጠበቃው። «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው! አብደሃል?»

ጣቴን ወደ ላይ፣ ወደ አራቱ ሚስማሮች ቀሰርኩ። አነበበ። «ይህን ቀልድ የፈረመው ማነው?»

አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የገዛ ፊርማቸውን እንደ እንግዳ ሰው ፎቶ ተመለከቱት። እዚያ ላይ ጠበቃው ቢለምናቸው፣ አንዲት «እባክዎ» ቢላቸው ምን እንደሚሆን አላውቅም። እሱ ግን ደም ሥሩ ተገታትሮ ጠረጴዛውን መታ። «ምን ዓይነት ኋላ ቀር ደሴት ነው ይህ! ቤት በመንገድ ላይ የሚሄድበት! በበሬ! በዚህ ዘመን!»

ዶን ባልዶሜሮ ኦያርሶ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቀና ብለው ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ቀና አሉ።

«ጌታው፣ የኛ ቤት ሄዷል» አሉ። «ያልሄደው የእርስዎ መኪና ነው። ማህተሙ እንደተመታ ይጸናል። ደኅና ይዋሉ።»

ልቤ ዘለለች! መስኮቴን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

ረቡዕ ጠዋት ዶኛ ኦርፌሊና ሰነዱን ሊወስዱ መጡ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ የመንደራቸው ሰዎችም ነበሩበት። አራት ገጽ ናት፣ አንድም ጥቁር የለባትም። ቦርሳቸው ውስጥ አልከተቷትም። መነጽራቸውን ወለወሉና እዚያው ቆመው ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ናሙናው የተወሰደው ከፑንታ ኮልዌ የጋራ የውኃ ጉድጓድ ነው። ውኃው ለሰውም ለከብትም መጠጥ አይሆንም። የብክለቱ ምንጭ ከላይ ያለው የዓሣ መቅበሪያ ነው።›»

ከኋላ አንዲት እናት «ልጆቼ ዛሬ ጠዋትም ጠጥተዋል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ስቀውባቸው የነበሩ ሁለት ጎረምሶች መሬት መሬት አዩ።

ዶኛ ኦርፌሊና የመጀመሪያውን ገጽ ወደ እኔ አዞሩ። ጥጉ ላይ ሰማያዊ ማህተም አለ። የእኔ ናት። ውጤቱ ከላቦራቶሪ የደረሰበት ቀን፤ ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት። በእጄ አልፏል። ሳላነብ መትቼ ማንም ወደማያገኘው ክፍል ልኬዋለሁ። አፈርኩ።

እሳቸውም አልወቀሱኝም። «እንግዲህ አወቅን» አሉና ግልባጯን አወጡ። «እዚህም ላይ ይመታልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለልጅ ልጅ የሚነገር አድርጌ ይዤዋለሁ። በማግስቱ አሥራ ሰባቱም ቤተሰብ መጣ፤ አሥራ ሰባት ማመልከቻ፣ አሥራ ሰባት ግልባጭ፣ ሁሉም በዶኛ ኦርፌሊና እጅ ጽሑፍ። ክንዴ እስኪዝል መታሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ መትቼ አላውቅም። በሳምንቱ ንጹሕ ውኃ በመኪና ደረሰ። በአራት ወር ኩባንያው መቅበሪያውን ቆፍሮ አውጥቶ ከደሴቱ ይዞት ሄደ። አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ። የምርመራ ውጤቱ ዛሬ በየወሩ የጸሎት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሰዓቱ አሁንም ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ በሚቀረው ማማ ሥር፤ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። አለቃዬም ስለ ግልጽነት ንግግር ማድረግ ጀምረዋል፤ ማን ይከለክላቸዋል?

ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ በተከታታይ በስድስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ የሱፍ ቆቡ ከመስኮቴ ጠርዝ በላይ ብቅ አለ። ከልማዴ የተነሣ ማህተሙን ገለበጥኩና ቀኗን አሳየሁ። እጄንም ዘረጋሁ።

ዶኛ ኦርፌሊና ቦርሳ አልያዙም። ፌስታልም የለም። ቆባቸውን አወለቁ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ፀጉራቸውን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

«ቤቴን ወደ ቦታው ልመልሰው ነው» አሉ። «ወደ ፖሞቹ። ቅዳሜ።»

«ደስ ይላል፣ ዶኛ። የመንገዱ ፈቃድ ማመልከቻ ታዲያ የታለ?»

«እሱን ትናንት ለአለቃህ ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ወዳንተ ነው።» መስኮቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ደጃፍ እንደሚይዙ። «ኒባልዶ፣ ክንድህን ልለምን መጥቻለሁ።»

ስሜን ማወቃቸውን አላውቅም ነበር። ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር መጣብኝ፣ ማህተሙ ከእጄ ወደቀች፣ ከወረፋው ሰው ሳቀ። ደንቡ የሚያዘውን መልስ ለአሥራ አራት ዓመት ስለማመድ ስለኖርኩ አልጠፋኝም።

«ክንዴ የእርስዎ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቆባቸውን አጠለቁ፣ ወጡ። ግልባጭ አልጠየቁኝም። በዚህ መስኮት ማህተም ሳልመታበት የተቀበልኩት ብቸኛ ማመልከቻ እሱ ነው።